ፖዘቲቭ፣ ተሻገር!

እኔ በላይነሽ ነኝ፤ የፊዚክስ አስተማሪ። «ነበርኩ በይ እንጂ» የሚለኝ ካለ፣ ጡረታ ያወጣኝ መንግሥት ነው እንጂ እኔ አልወጣሁም።

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ጭሮ፣ እኛ አሰበ ተፈሪ እያልን በኖርንባት ከተማ፣ አንድ ወጣት አስተማሪ ሊጠይቀኝ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሙዝ ይዞ ነው የመጣው። ጨዋታ ሲመጣ ስልኩን አወጣና፣ «እትዬ በላይነሽ፣ አሁን እኮ ቻርጆቹን እዚህ ላይ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ የሁሉንም ፊልድ ደምሮ ወዲያው ያወጣልዎታል። ቀስት መሳል ድሮ ቀረ» አለኝ። እሺ ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ግን መች ዝም አለ! «እርስዎ በገመድ ያስተምሩ ነበር ሲሉ ሰማሁ። እሱ ደግሞ ትንሽ... ሳይንሳዊ አይደለም። ፖዘቲቭ ቻርጅ ይገፋል እንጂ አይሻገርም።»

ደሜ ፈላ። ሙዝህን ይዘህ ውጣልኝ ልለው ምንም አልቀረኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንግዳ ማባረር ስለማያምርብኝ ዋጥ አደረግኩት። ግን አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

ፊዚክስ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ኤሌክትሪክ የተሸከመች ነጥብ ቻርጅ ትባላለች። ቻርጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ብናስቀምጥ፣ በዙሪያዋ ያሉት ፖዘቲቮች ይገፏታል፣ ኔጌቲቮቹ ይስቧታል። ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገፉና ሲስቡ፣ በስተመጨረሻ ወዴት ትሄዳለች? በምን ያህልስ ኃይል? ፊልድ የምንለው ይህንኑ ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ጥያቄ ነው፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩት በደሳ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። በገበያ ቀን ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ ልጆቹ ቡና ተሸክመው ከአባቶቻቸው ጋር ገበያ ይወርዳሉ። እኔም አብሬ እወርድና ሚዛኑ ጋ ቆሜ ሂሳብ አስተምራቸዋለሁ። ስለ ደመወዙ አላነሳም፤ የሚነሳ ነገር አልነበረውም።

ከበደሳ ወደ አሰበ ተፈሪ የመጣሁት ባልትና ላስተምር ነው። ዲሬክተራችን አቶ ክፍሌ ከላይ የጠየቁት «ባልትና የምታስተምር ሴት» ነበር። መጣሁ። ከባልትናው ክፍል ግድግዳ ማዶ አንድ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነበረ፤ ቤተ ሙከራ ይሉታል እንጂ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው። እዚያ ውስጥ ሚስተር ቶማስ ነበሩ።

ሚስተር ቶማስ ህንዳዊ ናቸው። አጭር፣ ጥቁር፣ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ የኖራ ብናኝ የማይታይባቸው ሰው። አማርኛቸው እንዲያው ጉድ ነው፤ እኔንም ዲሬክተሩንም ውሻውንም «አንተ» ነው የሚሉት። ባልትናዬን አስተምሬ ስጨርስ በራቸው ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ቀን ዘወር ብለው፣ «አንተ ለምን በር ላይ ቆምክ? በር ላይ ቀስት የለም» አሉኝ። ገባሁ። ያን ቀን የገባሁ አልወጣሁም።

የእኚህን ሰው አሠራር በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ከማንም መጽሐፍ አላገኘሁትም። ሰሌዳው ላይ ቻርጆቹን ይስላሉ። ፊልዱ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ክብ ያደርጋሉ፤ ስሟ «እንግዳ» ነው። «እንግዳ ትንሽ ነው፤ እንግዳ ፖዘቲቭ ነው፤ እንግዳ የቤቱን ሰው አያስነሳም» ይላሉ። ከዚያ ከአንዱ ቻርጅ በስተቀር ሌሎቹን ሁሉ ይሸፍናሉ። አንዱን በመዳፋቸው፣ አንዱን በመሐረባቸው፣ ካልበቃቸው የተማሪ ደብተር ይቀማሉ። «ይሄ ብቻውን ነው። ሌላ ሰው የለም። ገፋ? ሳበ?» ተማሪው ሲመልስ ቀስቷን ይስላሉ። ቀስቷ የምትነሳው ከእንግዳዋ ነው እንጂ ከቻርጁ አይደለም፤ እዚያ ላይ የተሳሳተ ልጅ ቆሞ ነው የሚውለው። ከዚያ ያን ይሸፍኑና ሌላውን ይገልጣሉ። ሁሉም ተራ በተራ ብቻውን ተጠይቆ ቀስቱ ካልተሳለ ቁጥር የሚባል ነገር ሰሌዳው ላይ አይወጣም። ቁጥር ያስቀደመ ተማሪ ካለ እጃቸውን በጭንቅላታቸው ላይ ጭነው፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ክፍሉን ይዞራሉ። ህንድ አገር እንዴት እንደሚያለቅሱ እንጃ፣ ያንን «ወይኔ» ግን ከእኛ ነው የለመዱት።

ውላቸው አልቆ አገራቸው ሲመለሱ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩ። አቶ ክፍሌ ሌላ አስተማሪ ይላክልን ብለው ጠየቁ፤ የሚላክ ጠፋ። «እንግዲያው ወይዘሪት በላይነሽ፣ ሰው እስኪመጣ ድረስ የፊዚክስ ተማሪዎቹን ያዣቸው» አሉኝ፣ ልክ የጎረቤት ፍየል እንደሚያስጠብቅ ሰው። ከተማው ጉድ አለ። አስተማሪዎቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ ቤተ ሙከራውን ሽሮ ታበስልበታለች ወይስ ታስተምርበታለች እያሉ ሲሳለቁብኝ ሰምቻለሁ። ይሳለቁ!

ግን የመጀመሪያው ዓመት አልሆነልኝም። ሴት ናት እንዳይሉኝ ብዬ ልክ እንደ መጽሐፉ፣ ፎርሙላውን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስተማርኩ። ፈተና ላይ አራት ቻርጅ መጣ፤ የእያንዳንዱ ፊልድ አሥር። ልጆቹ ምን ብለው ቢመልሱ ጥሩ ነው? አርባ! ክፍሉ በሙሉ አርባ! አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ሲስብ፣ እነሱ እንደ ድንች ደመሩት። የክፍሉ ግማሽ ወደቀ። አንዳንዶቹ ተመልሰው ትምህርት ቤት አልመጡም። ገበያ ውስጥ ሳገኛቸው «ሚስ» ብለው ጎንበስ ይሉልኛል፤ እኔ ነኝ በሌላ መንገድ የምሸሸው።

በሚቀጥለው ዓመት ሐጂ ሙሜ ዘንድ ሄድኩ። ሐጂ ሙሜ ጫት በመኪና ወደ ድሬዳዋ የሚያስጭኑ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ዘይነባ አሥረኛ ክፍል ናት፤ በዚያ ክፍል ያለች ብቸኛ ሴት። አራት መጫኛ ገመድና አንድ የብረት ቀለበት እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

«ባርሲስቱ፣» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው። «ጫት ልትጭኚ ነው እንዴ?»

«የለም ሐጂ፣ ኤሌክትሪክ ልጭን ነው።»

«ሱብሃነላህ!» ብለው ሳቁና ሰጡኝ። ስወጣ ጠርተው መለሱኝ። «ይቺ ልጅ እንዴት ናት?»

«ጎበዝ ናት።»

«ጎበዝማ ናት። ግን ዝምተኛ ናት፣ ታያታለሽ አይደል? ዘንድሮን ካላለፈች ሱቅ ትገባለች፣ ተነጋግረናል። ካለፈች ደግሞ አሥራ አንደኛ ሐረር ነው። ሐረር ብቻዋን! ሰው ቀና ብላ የማታይ ልጅ እዚያ ማን መሃል ትገባለች? ዋላሂ ሆዴ እምቢ ይለኛል።»

ሜዳው ላይ አራት ካስማ በካሬ ተከልኩ፣ መሃሉ ላይ በአመድ ምልክት አድርጌ ቀለበቱን አኖርኩ። ቀለበቱ እንግዳዋ መሆኑ ነው። አራቱ ገመዶች ከቀለበቱ ታስረዋል፤ በየጥጉ አንድ አንድ ተማሪ ቻርጅ ሆኖ የገመዱን ጫፍ ይይዛል። ኔጌቲቭ የሆነ ልጅ ሥራው ቀላል ነው፤ ጥጉ ላይ ቆሞ ይጎትታል። ፖዘቲቭ የሆነው ግን መግፋት አለበት። ዘይነባ ፖዘቲቭ ደረሳት። ገመዱን ወደ ቀለበቱ ገፋችው፤ ተልፈስፍሶ እግሯ ሥር ተከመረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደጀኔ የሚባል የአሥር አለቃ ልጅ፣ በጉልበቱ በሬ የሚያህል፣ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ዘይነባ ፊቷ ቀላ። ገመዷን ጨበጠች፣ ቀለበቱን አልፋ ማዶ ተሻገረች፣ የመጣችበትን ያህል ርቀት ሄደችና ዞራ ጎተተች። ቀለበቱ ተገፍቶ ቢሆን ኖሮ በሚሄድበት መንገድ፣ ዝንፍ ሳይል ሄደ።

«ሚስ፣» አለች በዚያች በማትሰማ ድምጿ፣ «ከዚያ ሆኖ ከመግፋት፣ ከዚህ ሆኖ መሳብ አንድ አይደለም እንዴ?»

አንድ ነው! ርቀቱ ከተጠበቀ፣ ለእንግዳዋ ፍጹም አንድ ነው። ከዚህ በኩል ያለ ፖዘቲቭ የሚገፋትን ያህል፣ በዚያው ልክ ማዶ የቆመ ኔጌቲቭ ይስባታል። ሄጄ ግንባሯን ሳምኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳው ላይ «ፖዘቲቭ፣ ተሻገር!» ብሎ የሚጮህ ሰው ይመደባል። እሱ ሲጮህ ፖዘቲቮች ገመዳቸውን ይዘው ይሮጣሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጎትታል፣ ቀለበቱ ወዴት እንደሄደ ይታያል። ገመዱ የሚያስተምረው አቅጣጫውን ብቻ ነው፤ የደጀኔና የዘይነባ ጉልበት እኩል ስላልሆነ መጠኑን ክፍል ገብተን በወረቀት እናወጣለን። አርባ የሚል ጠፋ።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደረሰ። ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም ከእኛ ውጭ ያለ ቢሮ ነው። ጥያቄው ሲመጣ ልጆቹ በደስታ ሊፈነዱ ምንም አልቀራቸው። አራት እኩል ቻርጆች በካሬ፤ ከላይ ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ፖዘቲቭ፣ ከታች ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ኔጌቲቭ። የእያንዳንዱ ፊልድ አሥር ቢሆን መሃሉ ላይ ያለው ስንት ነው? ልጆቼ ምን አደረጉ? ፖዘቲቮቹን አሻገሩ! ሥዕሉን ሲስሉ የላዮቹን ማዕዘኖች ባዶ ተዉ፣ የታቾቹ ላይ ሁለት ሁለት ኔጌቲቭ ደረደሩ። ወደ አንዱ ጥግ ሃያ፣ ወደ ሌላው ጥግ ሃያ፣ በመሃል ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሃያ ስምንት ከምናምን። ልክ ነው። ፍጹም ልክ ነው።

አራሚው ግን ምን አየ? ጥያቄው ላይ የሌለ ሥዕል፤ ያውም ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት። የገዛ ልጁ ቢሆን እንኳ ተኮራረጁ ነው የሚለው። የክፍሉ ውጤት ታገደና አቶ ሰይፉ የሚባሉ መርማሪ ወረቀቶቹን በቦርሳ ይዘው መጡ። ረጅም፣ ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሞኝ አልነበሩም፤ ይህን የምለው በኋላ ስለወደድኳቸው አይደለም።

አቶ ክፍሌ ቢሮ ተጠራሁ።

«ወይዘሪት በላይነሽ፣ ነገሩን አናካርረው» አሉ አቶ ክፍሌ ላባቸውን እየጠረጉ። «ልጆቹ ተኮራርጀናል ብለው ይፈርሙ፣ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ዓመቱን ይድገሙ። አቶ ሰይፉም ይህን ያህል ቸርነት ካደረጉልን...»

«ያላደረጉትን ነው የሚፈርሙት?»

«ካልፈረሙ ይባረራሉ!»

«ልጆቹን እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ሥዕሉም የእኛው ነው፤ ማንም ከማንም አልገለበጠም።»

አቶ ሰይፉ ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲያው የተሳሳተ ሥዕል አስተምረዋል ማለት ነው።»

«አልተሳሳተም!»

አቶ ክፍሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልጆቹ ተሰበሰቡ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ብዕሩ ጎኑ ተቀምጧል። የመጀመሪያዋ ዘይነባ ነበረች፣ በፊት ወንበር ስለምትቀመጥ። መፈረም ማለት ዓመቱን መድገም ነው፤ መድገም ማለት ለእሷ ሱቅ መግባት ነው። አለመፈረም ደግሞ መባረር። ሁለቱንም ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።

«እኔ አልፈርምም» አለች።

«ለምን?» አሉ አቶ ሰይፉ።

«አልገለበጥኩም።»

«ታዲያ ሥዕላችሁ እንዴት አንድ ሆነ?»

«ፖዘቲቭ ስለተሻገረ ነው፣ ጌታዬ።»

መርማሪው የተሳለቀችባቸው መሰላቸው፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ያን ጊዜ ደጀኔ ከኋላ ተነሳ። አባቱ ከትምህርት ቤት ተባረረ ቢሏቸው ቆዳውን እንደሚገፉት መላው አሰበ ተፈሪ ያውቃል። «እኔም አልፈርምም። ተሻግሯል» አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አንድም እጅ ብዕሩን አልነካም። እኔ ልሙት፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«አቶ ሰይፉ፣» አልኩ፣ «ኮትዎን ያውልቁና ሜዳ እንውጣ።»

«ምን?»

«ሥዕሉን በወረቀት አይተውታል። አሁን በእጅዎ ይዩት።»

አቶ ክፍሌ «ኧረ በእመብርሃን!» አሉ። መርማሪው ግን ጥቂት አሰቡና ኮታቸውን አወለቁ።

የገበያ ቀን ነበር። የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሰው ተንጠለጠለ። ወሬው ጫት ተራ ደርሶ ሐጂ ሙሜም መጥተው አጥሩ ሥር ቆመዋል። እኔ ዳር ወጣሁ። «ዘዴው የዘይነባ ነው፤ የምታሰልፈውም እሷ ናት» አልኩ። እሷ ደነገጠች፤ ቢሆንም ወጣች። ደጀኔንና አቶ ክፍሌን ታች ኔጌቲቭ አደረገቻቸው። ዲሬክተር ገመድ ይዞ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሂሳብ አስተማሪውን ከላይ አንዱ ጥግ ላይ አቆመች። በቀረው ጥግ አቶ ሰይፉን።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ፖዘቲቭ ነዎት።»

«ልግፋ ማለት ነው?»

«ይግፉ።»

ገፉ። ገመዱ ተልፈስፍሶ ጫማቸው ላይ ወደቀ። አጥሩ ላይ ያለው ሰው በሳቅ ተንጫጫ። መርማሪው ግራ ገብቷቸው ገመዱን ይዘው ቀሩ። ያን ጊዜ ዘይነባ፣ ያቺ ሰው ቀና ብላ የማታይ ልጅ፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ በየቀኑ ሜዳው ላይ እንደምንለው አድርጋ ጮኸች።

«ፖዘቲቭ፣ ተሻገር!»

«ይሻገሩ» አላለችም፤ «ተሻገር!» አለች፣ ለመንግሥት መርማሪ። አቶ ክፍሌ አሁን ገና አለቀልን በሚል ዓይን አዩኝ። አቶ ሰይፉ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ገመዳቸውን ይዘው፣ ቀለበቱን አልፈው፣ ደጀኔ ያለበት ጥግ ድረስ ተሻገሩ። የሂሳብ አስተማሪውም ወደ አቶ ክፍሌ ጥግ ሮጠ።

«ሳቡ!»

ሳቡ። ቀለበቱ በሁለቱ ጥጎች መሃል ወደ ታች ወረደ። ደጀኔ ከመጠን በላይ ስለጎተተ ትንሽ ወደሱ ዘመመ፤ ደጀኔ ምን ይደረግ። አቶ ሰይፉ ገመዱን እንደያዙ ዘወር ብለው ትተውት የመጡትን ባዶ ጥግ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ለካ ጥጉ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው» አሉ።

«ለዚህ ነው» አልኩ።

«መልካም። መሃል ላይ ያምራል። እንግዳችሁ ከሁሉም እኩል ስትርቅ ማንም ይሻገራል። ርቀቱ እኩል ካልሆነስ?» ሸሚዛቸውን እያራገፉ ወደ ክፍል ገቡ። «አዲስ ጥያቄ እሰጣለሁ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይቀመጡ፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የጥያቄውን ሥዕል የለወጠ ዜሮ ነው።»

ለየብቻ! ሚስተር ቶማስ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። ሁሉም ብቻውን ይጠየቅ፣ ከዚያ ይደመር።

ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ በመስኮት አየሁት። ከእንግዳዋ በስተግራ ፖዘቲቭ። ከበላይዋ፣ በዚያው ርቀት፣ ኔጌቲቭ። በስተቀኝ ሌላ ፖዘቲቭ፣ ግን በእጥፍ ርቀት። የሁሉም ቻርጅ መጠን እኩል ነው፤ የቅርቦቹ ፊልድ እያንዳንዱ አሥራ ስድስት። ተንኮሉ ገባኝ። ርቀት እጥፍ ሲሆን ፊልዱ ግማሽ አይሆንም፤ ሩብ ነው፤ አራት ብቻ። የሩቁ ፖዘቲቭ ሲሻገርም ርቀቱን ይዞ መሻገር አለበት። በዚያ ላይ ልጆቹ የገዛ ሥዕላቸው ተከልክሏል። አጥሩ ጋ ሄጄ ሐጂ ሙሜ አጠገብ ቆምኩ። እሳቸው ለዱዓ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ልጆቹ ሲወጡ ገባሁ። አቶ ሰይፉ የዘይነባን ወረቀት ይዘው ነበር። ቅር ብሏቸው ይሁን ደስ ብሏቸው ከፊታቸው አይታወቅም። ወረቀቱን ሰጡኝ። ሁለት ሥዕል ነበረው። የመጀመሪያው ልክ እንደ ሰሌዳው ነው፤ ምንም አልተነካም። ከሥሩ በእንግሊዝኛ መልሷ መሃል፣ በአማርኛ ፊደል፣ «ይህ የጥያቄው ነው» ብላለች። ሁለተኛው ላይ ፖዘቲቮቹ ተሻግረዋል፤ የቅርቡ በቅርብ፣ የሩቁ በሩቅ፣ መንገድ ላይ እንደሚተላለፉ ሁለት ሰዎች። ከሥሩ «ይህ የእኛ ነው» ይላል። ወደ ቀኝ አሥራ ስድስት፣ ወደ ግራ አራት፣ የቀረ አሥራ ሁለት ወደ ቀኝ። ወደ ላይ አሥራ ስድስት። የሁለቱ ድምር በሰያፍ ሃያ።

«ዜሮ ልስጣት?» አሉኝ አቶ ሰይፉ።

«የጥያቄውን አልለወጠችም።»

«አልለወጠችም» አሉና ሙሉ ማርክ ሰጥተው ፈረሙ። «የእናንተን ጎን ላይ ሳሉት። የጥያቄውን ግን አትንኩብን።» ይህን ብቻ እሺ አልኳቸው፤ ልክ ነበሩ። የመገልበጡ ክስ ከሁሉም ላይ ተነሳ። ሁሉም ግን አላለፈም። ደጀኔ ሦስቱንም ደምሮ ሠላሳ ስድስት ብሎ ጽፎ ነበር። ዓመቱን ደገመ፤ ሌባ ተብሎ ግን አልደገመም፤ ለእሱ ትልቁ ነገር ይሄ ነበር።

ለእኔ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ ደብዳቤ መጣ። «ለሥራው ጥቅም ሲባል» ወደ ቦኬ፣ አንደኛ ደረጃ፣ ባልትና። መርማሪን በገበያተኛ ፊት ገመድ ያስጎተተች ሴት ሌላ ምን ይጠብቃታል? አቶ ክፍሌ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ወለሉን ነበር የሚያዩት። «ይግባኝ ልበልልሽ?» አሉኝ። «ምን ቆርጦኝ! ቦኬም ሜዳ አለ» አልኳቸው።

ወደ ቦኬ የሄድኩት ሐጂ ሙሜ በፈለጉልኝ መኪና ነው። ዕቃዬ ከተጫነ በኋላ አራቱን መጫኛና ቀለበቱን አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ።

«የርስዎ እኮ ነው ሐጂ።»

«እኔ ሌላ እገዛለሁ። ያንቺ ነው።» ከዚያ የመኪናውን በር ያዙ። «ዘይነባን ነገ ሐረር አደርሳታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ሆዴ እምቢ ይለኛል ሲሉኝ አልነበር?»

«ባርሲስቱ፣ የመንግሥት ሰው 'ተሻገር' ብላ አሻገረች እኮ! ኢንተላ ኮ!» ልጄ ማለታቸው ነው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ከእንግዲህ ሐረር ውስጥ ማንን ትፈራለች?»

ያን ቀን ያለቀስኩት እዚያው መኪናው ውስጥ ነው። ስለ ዝውውሩ አልነበረም።

ቦኬ ባልትና አስተማርኩ፤ ከባልትናው በኋላ ሜዳ ወጥተን ገመድ ጎተትን። ከዚያ ወደ መሰላ ተዛወርኩ፣ ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ተመልሼ እዚህ። ዘይነባ ሐረርን ጨርሳ አዲስ አበባ ገባች፤ እሷም የፊዚክስ አስተማሪ ሆነች። አንድ ዓመት በበዓል መጥታ እዚህ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጣ፣ ተማሪዎቿ «ተሻገር» ስትላቸው እንደሚስቁባት ነገረችኝ። ይሳቁ አልኳት፤ መጀመሪያ የሳቀው ደጀኔ ነው።

እንግዲህ ያ ሙዝ ይዞ የመጣው ልጅ ይህን ካነበበ ይስማ። ፖዘቲቭ ይገፋል፤ እኔም አውቃለሁ፣ ዘይነባም ታውቃለች፣ አቶ ሰይፉም ያውቁ ነበር። ስልክህ ሃያ ብሎ ይነግርህ ይሆናል፤ ወዴት እንደሆነ ግን እጅህ አያውቀውም። ገመዱ አልጋዬ ሥር አለ። መጥተህ አንዱን ጫፍ ያዝ። ጥግህን ለመልቀቅ ከፈራህ ደግሞ እኔ ከዚህ ሆኜ እጮህልሃለሁ።